ቀጠሮን በፕሮግራም ኮድ መፈለግና ማስተዳደር

ቀጠሮ ለኮምፒውተር አራት ነገር ነው፦ የሚጀምርበት ቅጽበት፣ የሚያበቃበት ቅጽበት፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ፣ እና አሁን ያለበት ሁኔታ፤ ማለትም ተይዟል፣ ተዛውሯል፣ ተሰርዟል ወይስ ተፈጽሟል የሚለው። ስም፣ ስልክና ማስታወሻ በእነዚህ ላይ የሚንጠለጠሉ ናቸው። ቀጠሮ የሚያስተዳድር ኮድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ላለ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ባለጉዳዩ የሚያስበው በኢትዮጵያ ዘመንና ሰዓት ነው፤ ስልኩና ሰርቨሩ የሚቆጥሩት ግን በፈረንጆቹ ነው።

በአንድ የአዳማ ክሊኒክ የክትትል ካርድ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «20/02/18፣ 3፡30» ተብሎ ተጽፏል እንበል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የጻፈችው ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ለማለት ነው። ይህንኑ ጽሑፍ ሳይጠይቅ የሚቀበል ፕሮግራም ግን የካቲት 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አድርጎ ይመዘግበዋል። ቀኑ ካለፈ ወደ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ በዕለቱ ዝርዝር ውስጥ አይወጣም፣ ማስታወሻም አይላክም። ልጇን አዝላ በማለዳ ሚኒባስ ከመቂ የተነሳች እናት መስኮቱ ጋ ስትደርስ ስሟ የለም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ቢሠሩ ይህ ስህተት መግቢያ አያገኝም።

ሰዓቱን መለወጥ

መጀመሪያ የሚጻፈው የሰዓት መለወጫው ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት 12 ይጀምራልና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ለመጻፍ ሁለት ደንብ ይበቃል። ለጠዋትና ለቀን፣ ሰዓቱ ለ12 ተካፍሎ የሚቀረው ላይ 6 ይደመራል፤ ጠዋት 12 ሰዓት 6፡00፣ ጠዋት 3፡30 ደግሞ 9፡30፣ ቀን 11 ሰዓት 17፡00 ይሆናል። ለማታና ለሌሊት የሚደመረው 18 ነው፤ ማታ 1 ሰዓት 19፡00 ይሆናል። ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ይቀነስና ቀኑ በአንድ ወደፊት ይገፋል፤ ሌሊት 8 ሰዓት 26 ስለሚሆን የማግስቱ 2፡00 ነው።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲባል ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ሐሙስ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ማለቱ ነው፤ ስልኩ ግን ያን ሰዓት ዓርብ ይለዋል። ቋንቋው ራሱ መፍትሔ አለው፦ «ለዓርብ አጥቢያ»። ሌሊት የሚሠራ ተቋም ካለ፣ ቅጹ ሰዓቱ ሌሊት በሆነ ቁጥር «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ብሎ መልሶ አሳይቶ ማረጋገጫ ይጠይቅ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ምርጫ ያልታከለበትን ሰዓት ጭራሽ አለመቀበል ነው የሚሻለው። ከቁጥሩ ብቻ ተነስቶ መገመት ለጊዜው ይሠራ ይመስላል፤ የሌሊት ተረኛ በመጣ ቀን ግን ይከሽፋል።

ቀኑን ወደ ቁጥር መለወጥ

ቀንን ከአንድ ዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው ለመውሰድ «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ» የሚባለው የአነጋገር መንገድ ለኮድ አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ቀን ከጥንት ጀምሮ በተከታታይ በሚቆጠር አንድ ቁጥር መወከል ነው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁሊያን ቀን ቁጥር ይሉታል። ከኢትዮጵያ ቀን ወደዚህ ቁጥር የሚወስደው ስሌት አጭር ነው፦

ቀን ቁጥር = 1724190 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን

ክፍያው ላይ ከነጥብ በኋላ ያለው ይጣላል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት። ለጥቅምት 20 ቀን 2018 ሲሠራ 1724190 + 736205 + 504 + 60 + 20 ነው፤ ድምሩ 2460979 ይወጣል። ቁጥሩ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 0 ሰኞ ስለሆነ 3 ሐሙስ ነው፤ በካርዱ ላይ ዕለቱ ተጽፎ ከሆነ ኮዱ በዚህ ሊያመሳክረው ይችላል። ይህ ማመሳከሪያ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ብዙ ነው፤ ከተሳሳቱ ቀኖች አብዛኞቹ ዕለታቸው አይገጥምም።

ለመመለስ ከቀን ቁጥሩ 1723856 ይቀነሳል፤ የተገኘው ለ1461 ይካፈላል፣ እሱም የአራቱ ወንጌላውያን ዙር የቀን ብዛት ነው። ድርሻው በ4 ሲባዛ የዙሩን መነሻ ዓመት ይሰጣል። ቀሪው ለ365 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር በዚያ ላይ ይደመራል፤ ከክፍያው የተረፈው ለ30 ተካፍሎ ድርሻው ሲደመር 1 ወሩን፣ ቀሪው ሲደመር 1 ቀኑን ይሰጣል። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፦ ከ1461 የቀረው በትክክል 1460 ከሆነ ያ ቀን ጳጉሜን 6 ነው፣ የሚደመረውም 4 ሳይሆን 3 ዓመት ነው። ይህን የረሳ ኮድ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ «መስከረም 1» ብሎ ይዋሻል፤ ማግስቱንም እንደገና መስከረም 1 ይላል።

መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው ብሎ በኮድ ውስጥ ማስፈርም አይበጅም። የፈረንጆቹ 2100 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ስለሌለው ከዚያ በኋላ አቆጣጠሩ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። በቀን ቁጥር የሚሠራ ኮድ ይህ አይነካውም።

ዝግጁ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው አማራጭ አለው። የአይሲዩ ቤተ መጻሕፍት፣ ለጃቫ ጆዳ-ታይምና ስሪቴን-ኤክስትራ፣ በአሳሽ (ብራውዘር) ውስጥም የጃቫስክሪፕት የቀን አቀራረብ አገልግሎት «ኢትዮፒክ» የሚባል ካሌንደር አላቸው። «ኢትዮአአ» የሚባለው ሌላው ምርጫ በዓመተ ዓለም ስለሚቆጥር 2018ን 7518 አድርጎ ያወጣል፤ ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው። ጤና ሚኒስቴር ለመረጃ ሥርዓቱ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2ም የኢትዮጵያን ካሌንደር እንደ ምርጫ ይዟል።

ማስቀመጥ

በዳታቤዝ ውስጥ አንድ ቅጽበት አንድ ጊዜ፣ በአንድ መልክ ብቻ ይቀመጣል። ያ መልክ ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ የበጋና የክረምት ሰዓት ለውጥም የላትም። ስለዚህ የሐሙሱ 3፡30 በአካባቢው የ24 ሰዓት አቆጣጠር 9፡30፣ በዩቲሲ 6፡30 ሆኖ ይቀመጣል፤ ከፈረንጆቹ 1970 መባቻ ጀምሮ በሰከንድ ሲቆጠር 1761805800 ነው። እዚህ ላይ ሁለት 3 ቁጥሮች ሰውን ያደናግራሉ፦ የሰዓት ቀጠናው ከዩቲሲ 3 ይጨምራል፣ የኢትዮጵያ የእጅ ሰዓት ንባብ ግን ከዩቲሲ 3 ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱ ለውጦች በአንድ መስመር ኮድ ተጨምቀው መጻፍ የለባቸውም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈንክሽን ይኑራቸው።

የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ መልክ በተጨማሪ ዓምድ ማስቀመጥ ብዙ ሰው የሚወደው ዘዴ ነው፤ ለጸሐፊዋ ስለሚቀላት። ነገር ግን ቀጠሮው ሲዛወር አንዱ ዓምድ ይታደሳል፣ ሌላው ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ልወጣው በመግቢያና በመውጫ ላይ ብቻ ይደረግ፤ መሐሉ አንድ ዓይነት ይሁን።

ሐኪሙ ወይም ደንበኛው ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ቀጠሮው በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደተያዘ አብሮ ይቀመጣል። የአዳማ ጠዋት 3፡30 በዚያ ሐሙስ በዋሽንግተን በፈረንጆቹ ሰዓት ከሌሊቱ 2፡30 ነው፤ አሜሪካኖቹ ያን ሳምንት እሑድ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ግን 1፡30 ይሆናል።

መፈለግ

«የሐሙስን ቀጠሮዎች አምጣ» የሚለው ጥያቄ በኮድ ሲጻፍ የጊዜ መስኮት ይሆናል። ጥቅምት 20 በአዳማ የሚጀምረው በዩቲሲ ኦክቶበር 29 ቀን 21፡00 ላይ ነው፣ የሚያበቃውም ኦክቶበር 30 ቀን 21፡00 ላይ። ሰርቨሩ በራሱ ዩቲሲ ቀን ቢጠየቅ ለሐሙስ አጥቢያ ያለውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ሰዓት ይጥላል፣ ለዓርብ አጥቢያ ያለውን ደግሞ ወደ ሐሙስ ያመጣል።

በመስኮቱ ውስጥ የሚወድቀውን ለመለየት አንድ ሁኔታ ብቻ ይበቃል፦ ቀጠሮው የሚጀምረው መስኮቱ ከማለቁ በፊት ከሆነ፣ የሚያበቃውም መስኮቱ ከጀመረ በኋላ ከሆነ፣ ውስጥ ነው። መጀመሪያው በመስኮቱ ውስጥ ነው ወይ ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ኮድ ቀድሞ ተጀምሮ ያላለቀውን ረጅም ቀጠሮ አያይም። ማብቂያው ከቀጠሮው ውጭ ሆኖ ይታሰባል፤ ከ3፡00 እስከ 3፡30 ያለውና ከ3፡30 እስከ 4፡00 ያለው አይጋጩም።

በጉግል ካሌንደር ኤፒአይ ይህንኑ የሚያደርጉት «ታይምሚን» እና «ታይምማክስ» የሚባሉት መለኪያዎች ናቸው። ስማቸው ያሳስታል፦ ታይምሚን የሚነጻጸረው ከቀጠሮው ማብቂያ ጋር ነው፣ ታይምማክስ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር፤ ማለትም ከላይ የተጻፈው ሁኔታ ራሱ ነው። ሁለቱም የሰዓት ቀጠና ልዩነቱን (+03:00) ይዘው መላክ አለባቸው፤ የመደመር ምልክቱ በአድራሻ መስመር ላይ ካልተመሰጠረ ወደ ባዶ ቦታ ተለውጦ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። «ሲንግልኢቨንትስ» እውነት ተብሎ ሲላክ ተደጋጋሚ ቀጠሮዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ይመጣሉ፤ በመጀመሪያ ሰዓት ማስደርደርም የሚቻለው ይህ ሲሆን ብቻ ነው። መልሱ ሳይጠየቅ በአንድ ገጽ እስከ 250 ቀጠሮ ብቻ ይሰጣል። የሚቀጥለው ገጽ መለያ እስካለ ድረስ እየደጋገሙ መጠየቅ ግድ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ ያቆመ ኮድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ለወራት ያለ ችግር ይሠራል፤ ሥራው የበዛ ቀን ግን ከ250 በኋላ ያሉት ሰዎች ከዝርዝሩ ይጠፋሉ።

የራሱ ሰርቨር ያለው ተቋም ካልዳቭ በሚባለው የካሌንደር መለዋወጫ ፕሮቶኮል ይጠይቃል፤ ደረጃው በ2007 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ ቁጥር 4791 የወጣ ነው፣ የቀጠሮው ፋይል አጻጻፍ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. በቁጥር 5545። የጊዜ መስኮቱ እዚያም አንድ ዓይነት ነው።

ሁሉንም በየጊዜው ከማምጣት ይልቅ የተለወጠውን ብቻ መጠየቅ ይቻላል። የጉግል ኤፒአይ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሲንክ ቶክን» ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱን መልሶ መላክ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን፣ የተዛወረውንና የተሰረዘውን ብቻ ያመጣል። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቶክኑ ካረጀ 410 የሚል ስህተት ይመለሳል፤ ያኔ በእጅ ያለው ቅጂ ተጥሎ ሁሉም እንደገና ይነበባል።

ክፍት ሰዓት ማግኘት

ክፍት ሰዓት የሚገኘው ከሥራ ሰዓት ላይ የተያዘውን በመቀነስ ነው። የቀኑ ቀጠሮዎች በመጀመሪያ ሰዓታቸው ይደረደራሉ፤ አንድ ጠቋሚ በሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ይቆማል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከጠቋሚው በኋላ የሚጀምር ከሆነ መሐላቸው ክፍት ነው፤ ከዚያ ጠቋሚው ወደ ቀጠሮው ማብቂያ ይገፋል፣ ወደኋላ ግን አይመለስም። የሥራ ሰዓቱ በሠንጠረዥ ይቀመጥ እንጂ በኮድ ውስጥ አይጻፍ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ2፡30 እስከ 6፡30 የሚሠራው ጠዋት ዓርብ በ5፡30 ያበቃል።

በዓላትም እንዲሁ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብሎ የሚያልፍ ኮድ በዘመነ ዮሐንስ ይሳሳታል፤ ያኔ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ነው፣ ለምሳሌ በ2016። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ዘመኑ የዮሐንስ ነው። የዒድ በዓላት በጨረቃ መታየት ይወሰናሉ፤ የቢሾፍቱው የሆራ አርሰዲ ኢሬቻም ቀኑ በየዓመቱ ይገለጻል፣ በዚያ ዕለት ደግሞ በቢሾፍቱ በኩል ወደ አዳማ የሚመጣ ሰው መንገዱ ይጨናነቅበታል። ስለዚህ በዓላት በቀመር ብቻ ሳይሆን ሰው በሚያስተካክለው ዝርዝር መያዝ አለባቸው፤ አንድ ቀን ዘግይቶ ለታወጀ በዓል ፕሮግራመር መጥራት አያስፈልግም።

መያዝ፣ ማዛወር፣ መሰረዝ

ሁለት ሠራተኞች በሁለት መስኮት ያንኑ ክፍት ሰዓት በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ ሁለቱም ይይዙታል። ይህን «መጀመሪያ ፈልግ፣ ከዚያ አስገባ» በሚል ኮድ መከላከል አይቻልም፤ በፍለጋውና በማስገባቱ መካከል ሌላው ይቀድማል። ጥበቃው ዳታቤዙ ውስጥ መሆን አለበት። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የጊዜ ክልልን እንደ አንድ የመረጃ ዓይነት ስለሚያውቅ፣ አንድ ሐኪም ላይ ሁለት ክልሎች እንዳይደራረቡ የሚከለክል ገደብ መጣል ይቻላል። የዘገየችው ሠራተኛ ስህተት ይመለስላታል፤ ፕሮግራሙም ያን ስህተት «ሰዓቱ አሁን ተይዟል፣ ቀጣዩ ክፍት 4፡00 ነው» ወደሚል ቃል ይለውጠዋል። የተሰረዙ ቀጠሮዎች ከገደቡ ውጭ መደረግ አለባቸው፤ አለዚያ የተለቀቀ ሰዓት ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ሌላው ድግግሞሽ ከኔትወርክ የሚመጣ ነው። ጥያቄው ተልኮ መልሱ ሳይደርስ መስመር ይቋረጣል፣ ሠራተኛዋ እንደገና ትጫናለች፣ ቀጠሮው ሁለት ይሆናል። መለያ ቁጥሩን ሰርቨሩ ሳይሆን ላኪው ፕሮግራም ይፍጠረው፤ ሁለተኛው ሙከራም ያንኑ መለያ ይዞ ይሂድ። ጉግል ይህን ይፈቅዳል፤ መለያው ከዚያ በፊት ካለ 409 ይመልሳል፣ ይህም «ቀድሞ ገብቷል» ማለት ስለሆነ እንደ ስኬት ይቆጠራል።

ቀጠሮ ሲዛወር አሮጌው ጠፍቶ አዲስ አይፈጠርም፤ ያው መለያ ይቆያል፣ ሰዓቱ ይለወጣል፣ የቅደም ተከተል ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ከመለወጡ በፊት የተነበበው ቅጂ የስሪት ምልክት፣ ኢታግ የሚባለው፣ አብሮ ይላካል፤ በመካከል ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ 412 ይመለስና እንደገና ተነብቦ ይሞከራል። ሲሰረዝም መዝገቡ አይደመሰስም፤ ሁኔታው «ተሰርዟል» ይባላል። ባለጉዳዩ መጥቶ ሲጠይቅ ማን መቼ እንደሰረዘው የሚታየው ያኔ ነው።

በጋራ ካሌንደር ላይ የቀጠሮው ርዕስ የካርድ ቁጥር ብቻ ይሁን። የሕመም ዓይነት በርዕስ ላይ ከተጻፈ በእያንዳንዱ ተጋሪ ስልክ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ለብቻው የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተደጋጋሚ ቀጠሮ

የሕፃናት ክትባት ከተወለዱበት ቀን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በኮድ ይህ በቀን ቁጥሩ ላይ 42፣ 70 እና 98 መደመር ነው፤ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። ነሐሴ 20 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን የቀን ቁጥሩ 2460183 ነው፤ 42 ሲደመር 2460225፣ ይህም መስከረም 26 ቀን 2016። 42 ቀንን «አንድ ወር ከ12 ቀን» ብሎ ጳጉሜንን ያለፈ ኮድ ጥቅምት 2 ይላል። ስድስት ቀን ዘግይቷል፤ ዕለቱም ቅዳሜ መሆኑ ቀርቶ ዓርብ ሆኗል።

«በየወሩ በ12» ዓይነት ቀጠሮ ግን ሌላ ነው። በጳጉሜን 12ኛ ቀን የለም፤ መዝለል፣ ወደ መስከረም መግፋት ወይስ ወደ ጳጉሜን ማብቂያ መመለስ የሚለውን ተቋሙ መወሰን አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው 7529 ቁጥር ደረጃ ይህን ውሳኔ በድግግሞሽ ደንቡ ውስጥ ለመጻፍ ያስችላል፣ የኢትዮጵያን ካሌንደርም ይጠራል። ብዙ የካሌንደር ፕሮግራሞች ግን ስለማይረዱት፣ ቀኖቹን በራስ ኮድ አስልቶ እያንዳንዱን ለብቻ ማስገባት ይበጃል። ከተከታታዩ አንዱ ብቻ ሲዛወር ሌሎቹ እንዳይነኩ ለሁሉም የጋራ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ የራሱ መለያ ይሰጠዋል።

ማስታወሻ መልእክት

በፊደል የተጻፈ የጽሑፍ መልእክት (ኤስኤምኤስ) በአንድ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ መልእክት 160 ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ሒሳቡም በቁራጩ ነው። «ቀጠሮ፦ ሐሙስ ጥቅምት 20፣ ጠዋት 3፡30። የልጁን ካርድ ይያዙ።» የሚለው በአንዱ ይበቃል። ዕለት፣ የወር ስምና የቀኑ ክፍል ሁልጊዜ ይጻፋሉ፤ በመስመር የተከፋፈለ ቁጥር አይላክም።

በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ አንድ ወጥመድ አለ። ፉልባና በክልሉ መሥሪያ ቤቶች የመስከረም ስም ነው፤ ዝግጁ የሆኑት የቋንቋ ፋይሎች ግን ለሴፕቴምበር ይሰጡታል። በዝግጁ ፋይል «ፉልባና 5» ተብሎ የወጣ ቀን በአንባቢው ዘንድ መስከረም 5 ነው፣ በኮዱ ግን ነሐሴ 30 ወይም እዚያው አካባቢ። የአሥራ ሦስቱ ወራት ስም፣ የጳጉሜን ስም የሆነውን ቃሜን ጨምሮ፣ በራስ ዝርዝር ተጽፎ ከኢትዮጵያ ወር ቁጥር ጋር መታሰር አለበት።

መፈተሽ

ኮዱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚሞከርባቸው ቀኖች በስም የታወቁ ናቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ማግስቱ ሴፕቴምበር 12፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 መሆን አለባቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲገባ ፕሮግራሙ እምቢ ማለት አለበት፤ ያ ቀን የለም። ከዚያ ከቀን ቁጥር 2400000 እስከ 2500000 ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ቀን ተለውጦ ሲመለስ ራሱን መስጠቱ በአንድ ዙር ይፈተሻል፤ ለኮምፒውተሩ የአፍታ ሥራ ነው። በመጨረሻም የሰርቨሩ ሰዓት ቀጠና ሆን ተብሎ ወደ ሌላ አገር ተቀይሮ ሙከራዎቹ ሁሉ እንደገና ይካሄዳሉ፤ አንዳቸውም መልሳቸውን ከቀየሩ፣ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ የአዳማን ሰዓት ሳይሆን የማሽኑን ሰዓት የሚያነብ መስመር ቀርቷል።